አምስቱም መስመር ሞልቶ ድምፅ ሲጠፋ

ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የሚማር ሰው ዘመድ ቤት በሄደ ቁጥር የተበላሸ ዕቃ አያጣም። አንዱ ጋ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጠብቀዋል፣ ሌላው ጋ ዲሽ፣ ሦስተኛው ጋ ደግሞ "እስቲ ይቺን ነገር እያት" የሚባልላት ስልክ። እኔን የጠበቀኝ ስካነር ነበር። ስካነር ስል ወረቀት የሚያነሳውን ማለቴ አይደለም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ አምቡላንስና ፖሊስ የሚነጋገሩበትን ፍሪኩዌንሲ እያሰሰ የሚያሰማ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሬዲዮ ነው። ባለቤቷ አክስቴ ናት። የምትኖረው አሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ፖቶማክ ወንዝን ተሻግሮ በቨርጂኒያ በኩል ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሁለት ወር ያህል እሷ ዘንድ ቆይቼ ነበር። ክፍል ውስጥ "ኮሚዩኒኬሽን ሲስተምስ" እያልን ለፈተና የምንሸመድደው ነገር ሰው ቤት ገብቶ እንቅልፍ ሲነሳ ያየሁት ያኔ ስለሆነ፣ ለመጽሔታችን ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እዚያ አገር በአብዛኛው ቦታ ቤት ተቀምጦ እነዚህን ሬዲዮዎች ማዳመጥ የተፈቀደ ነው፣ መሣሪያውም በግልጽ ይሸጣል። እዚህ ግን ፈቃድ ሳይጠይቁ አይሞከርም። ስለዚህ ከመካከላችሁ አንዱ ይህን አንብቦ መርካቶ እንዳይሮጥ።

የአክስቴ ልጅ በሚኖሩበት ካውንቲ ካሉት የእሳት አደጋ ጣቢያዎች በአንዱ በጎ ፈቃደኛ ናት። በዚያ አካባቢ ደመወዝተኛውና በጎ ፈቃደኛው በአንድ መኪና ነው የሚወጡት፣ እሳቱም አይለያቸውም። ቀን ቀን ቢሮ ትሠራለች፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ጣቢያ ታድራለች። አክስቴ በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች አትተኛም። ስካነሩን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ቡናዋን በፔርሙስ ይዛ ትቀመጣለች። እንግሊዝኛው ፈጣን ነው፣ ቁጥርና ምሕጻረ ቃል ይበዛዋል። እሷ ግን ልጇ የምትወጣበትን መኪና ቁጥርና የልጇን ድምፅ ለይታ ታውቃለች። ከዚያ ሌላውን አትፈልገውም።

እኔ ከመሄዴ አንድ ወር ቀደም ብሎ በአንዱ ሌሊት የአፓርታማ ቃጠሎ ጥሪ ይሰማል። የልጇ መኪና ቁጥር ይጠራል። ልጇ "ደርሰናል" ስትል ትሰማታለች፣ አንድ ሰውዬ ስለ ሦስተኛ ፎቅ አንድ ነገር ይጀምራል፤ ከዚያ ቆረጥ፣ ቆረጥ፣ ጸጥ። ጸጥታው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ስካነሩ አልጠፋም፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ የሲግናሉ ምልክት አምስቱም መስመር ቆሟል። ስልክ ብትደውል አይነሳም፤ እሳት ውስጥ ያለ ሰው ስልክ ከየት ያነሳል? ልጅቷ ጠዋት ጭስ ጭስ እየሸተተች መጥታ ቁርስ ጠየቀች። አክስቴ ታዲያ ከዚያ ወዲያ "ኢንጂነሩ ይምጣና ያየዋል" ማለት ጀመረች። ኢንጂነሩ እኔ ነኝ፣ ገና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ።

የደረስኩ ዕለት ማታ የአክስቴ ልጅ ወጥ ቤት ለብቻዬ አገኘችኝና፣ በዚያች በምትጣፍጥ ስብርብር አማርኛዋ፣ "ፕሊስ እንዳትሠራው" አለችኝ። "ከተበላሸ ትተወዋለች። ትተኛለች።" ነገሩ ገባኝ። እናቷ በተንቀሳቀሰች ቁጥር እንድትሳቀቅ አትፈልግም። ግን አክስቴ ስካነሩ ተበላሽቶም አልተወችውም። የተበላሸውን ይዛ ነው የምታድረው። "ድምፁ ሲቆረጥ የምታስበውን እኮ አንቺ አታውቂውም" አልኳት። ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ወጣች፤ ሦስት ቀንም ብዙ አላወራችኝም።

አሁን ወደ ሬዲዮው ልግባ።

በድሮው አሠራር አንድ ጣቢያ አንድ ፍሪኩዌንሲ ነበረው። ስካነሩን እዚያ ላይ አቁመህ ትሰማለህ። ሌላ ሞገድ ቢገባበት ጩኸቱ ራሱ ይነግርሃል፤ ይንጫጫል፣ ያፏጫል፣ ችግር መኖሩን ታውቃለህ። የአክስቴ ካውንቲ የሚጠቀመው ግን ትረንክድ የሚባለውን ነው። ባንክ ቤት ገብታችሁ ቁጥር ስትቆርጡ አስቡት። መስኮቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ሰው ብዙ ነው፣ ማንም ለራሱ የተመደበ መስኮት የለውም። "47 ቁጥር፣ መስኮት 3" ሲባል ነው የምትሄዱት። የትረንክድ ሲስተምም ጥቂት ፍሪኩዌንሲዎችን ለብዙ ቡድኖች ያከፋፍላል። ቡድኖቹ ቶክግሩፕ ይባላሉ። ቁጥሩን የሚጠራው ደግሞ ኮንትሮል ቻናል የሚባል፣ ሌት ተቀን ያለማቋረጥ ዳታ የሚልክ አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው። "ይህ ቶክግሩፕ አሁን እዚህ ፍሪኩዌንሲ ላይ ይናገራል" ይላል፤ ሬዲዮዎቹ ሁሉ ሰምተው ወደዚያ ይዘላሉ። ስካነሩም እንደዚሁ ሰምቶ መዝለል አለበት። (የኤርላንግን ፎርሙላ ያስጨነቀን ኮርስ ትዝ ይላችኋል? ዴንማርካዊው ኤርላንግ ለኮፐንሃገን ስልክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመው ስሌት ነው፤ ስንት መስኮት ቢኖር ስንት ሰው ይመለሳል የሚለው።)

የአክስቴን ሌሊት ያከፋው ይሄ አሠራር ነው። ቁጥር ጠሪው ሳይሰማህ ካለፈህ ወደየትኛው መስኮት እንደምትሄድ አታውቅም፣ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። ትረንክድ ሲስተም ላይ ጣልቃ የገባ ሞገድ አይንጫጫም። ዝም ያሰኛል። ዝምታው ደግሞ ብዙ ፍቺ አለው። ማንም እየተናገረ ላይሆን ይችላል። ሰዎቹ ቃጠሎው ቦታ ሲደርሱ ስካነሩ ውስጥ ወዳልተሞላ ሌላ ቶክግሩፕ ተዛውረው ሊሆን ይችላል። ንግግሩ በምስጢር ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ የዋሽንግተን ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ፣ የኒውዮርክ ፖሊስ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ሬዲዮውን መቆለፍ ይዟል። ወይም ኮንትሮል ቻናሉ ተበላሽቶ ስካነሩ ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል። አራቱም ለጆሮ አንድ ናቸው። አክስቴ ዘንድ ግን ዝምታ አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያለው። እናት ናት።

መጀመሪያ ያደረግኩት እነዚህን መለየት ነበር። የካውንቲው የእሳት አደጋ ቶክግሩፖች ያኔ አልተቆለፉም። ቃጠሎ ቦታ ላይ የሚጠቀሙባቸውንም አንድ በአንድ ስካነሩ ውስጥ ሞላኋቸው። የቀረው ኮንትሮል ቻናሉ ነው። የአክስቴ ስካነር ኮንትሮል ቻናሉን ምን ያህል በትክክል እያነበበ እንደሆነ በመቶኛ የሚያሳይ ገጽ አለው። እሷ ከፍታው አታውቅም፣ የምታየው አምስቱን መስመር ነው። ገጹን ከፈትኩት፤ 41 በመቶ ይላል። ግማሹን እንኳ አያነብም ማለት ነው። አምስቱ መስመር ግን ሞልቷል!

ይቺን ነጥብ እባካችሁ ያዙልኝ። መስመሩ የሚነግረን ወደ አንቴናው ምን ያህል ጉልበት እንደገባ እንጂ የገባው ነገር የሚነበብ መሆኑን አይደለም። ጎረቤቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ቢጮህብህ ድምፅ ሞልቷል፣ ቃል ግን የለም። አብዛኛው ሰው ስካነሩ ሲቆራረጥ "ሲግናል አነሰው" ይልና ትልቅ አንቴና፣ ከዚያም አምፕሊፋየር ይገዛለታል። የአክስቴ ጎረቤት የሆኑ አንድ ጋሼ (ደግ ሰው ናቸው፣ ለነገሩ) ከዚያች ሌሊት በኋላ ለቴሌቪዥን አንቴና የሚሆን አምፕሊፋየር ገዝተው በራሳቸው እጅ ገጥመውላት ነበር። ያን ፈትቼ ሳነሳው 41 የነበረው 55 ሆነ። ጋሼ ደስ አላላቸውም። "ማጉያ አንስተህ እንዴት ይሻለዋል?" አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ መልሱ ረዘም ስለሚል ቡና እየጠጣን ነው ያስረዳኋቸው።

ቀጥሎ ቤቱን ፈተሽኩ። የባትሪ ቻርጀር፣ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የኢንተርኔት ሳጥን፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሞገድ ይረጫሉ። አፈታተሹ ቀላል ነው። ስካነሩን በባትሪ አድርገህ የቤቱን ዋና ማብሪያ ማጥፋት ብቻ ነው። እሑድ ጠዋት አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አጠፋሁት። 55 የነበረው 57 ሆነ፤ ልዩነት አይባልም። የቤት ዕቃ በብዛት የሚያውከው ዝቅ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች ነው፣ ይሄ ሲስተም ግን ከ851 ሜጋኸርዝ በላይ ነው የሚሠራው። ጥፋቱ ከቤት ውጭ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በመስኮት ተመለከትኩ። ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ጣራ ላይ የሞባይል ስልክ አንቴናዎች እንደ ጥርስ ተደርድረዋል። ርቀቱ መቶ ሃምሳ ሜትር ቢሆን ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሞባይል ማማዎች ወደ ስልኮች ከሚልኩባቸው ባንዶች አንዱ ከ869 እስከ 894 ሜጋኸርዝ ነው። የእሳት አደጋና የፖሊስ ማማዎች የሚልኩት ደግሞ ከ851 ጀምሮ ነው። አጥር የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሚሠሩ ስካነሮች የሞባይሉን ባንድ እንዳያሰሙ ተደርገው ነው የሚወጡት፣ የሰው ስልክ እንዳይጠለፍ። ስካነሩን 880 ላይ ልታቆመው ብትል እምቢ ይላል። ይህ ግን የሚከለክለው አንተን ነው፤ ሞገዱ በአንቴናው ገብቶ እስከ መጀመሪያው ማጉያ ድረስ ያለ ከልካይ ይመጣል። ልትሰማው የማትችለው ነገር ልትሰማ የምትፈልገውን ያደነቁርብሃል።

የማደንቆሩን መንገድ ተምረነዋል፤ ኢንተርሞዱሌሽን ነው። ማጉያ ከአቅሙ በላይ ሲገባበት ሁለት ሞገዶችን ያባዛና ያልነበረ ሦስተኛ ይወልዳል። 871 እና 886 ሜጋኸርዝ ውሰዱ። የመጀመሪያውን በ2 አባዝታችሁ ሁለተኛውን ቀንሱ፤ 856 ይመጣል። እሳት አደጋው መሐል! ማንም ማማ 856 ላይ ያንን አልላከም፤ ስካነሩ ውስጥ ነው የተፈጠረው። ደግሞ የዛሬ ሞባይል ሲግናል ሰፊ ስለሆነ ውላጁ አንድ ቦታ አይቆምም፣ ባንዱን ሙሉ እንደ ጭጋግ ያለብሰዋል።

ይህን ለማረጋገጥ ግን ገንዘብ አያስፈልግም። ስካነሩ ላይ አቴንዌተር የሚባል፣ ሲግናሉን ሆን ብሎ የሚያዳክም ማብሪያ አለ። የሦስተኛ ደረጃ ኢንተርሞዱሌሽን ጠባዩ ይሄ ነው፤ መግቢያውን በ10 ዴሲቤል ብትቀንሰው፣ የምትፈልገው ሲግናል በ10 ሲወርድ ውላጁ በ30 ይወርዳል። ትርፉ 20 ነው። ስለዚህ አቴንዌተሩን ስታበራ መስመሩ ወርዶ ንባቡ ከተሻለ፣ ችግርህ የሲግናል ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው። ማነስ ቢሆን ኖሮ የባሰ ይጠፋ ነበር። አበራሁት። አምስቱ መስመር ወደ ሦስት ወረደ፤ ንባቡ ከ55 ወደ 72 ወጣ። ጋሼ በዓይናቸው አዩት። "እሺ፣ ማጉያዬን መልስልኝ" አሉ፤ ለቴሌቪዥናቸው አደረጉት።

በነገራችን ላይ ይህ በሽታ የስካነር ብቻ አልነበረም። ከዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት በፊት የአሜሪካ ፖሊሶችና እሳት አደጋዎች ራሳቸው ነበሩ የሚሠቃዩበት። ኔክስቴል የሚባለው የስልክ ኩባንያ በ800 ሜጋኸርዝ ባንድ ውስጥ ከእነሱ ፍሪኩዌንሲዎች ጋር እየተፈራረቀ ተሰግስጎ ነበር። ፖሊሱ ማማው አጠገብ ሲደርስ ሬዲዮው ይደነቁራል፣ ራቅ ሲል ይመለሳል። ነገሩ ሕይወት የሚነካ ስለሆነ የአገሪቱ የኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባንዱ እንደገና እንዲደለደል ወሰነ፤ የሕዝብ ደኅንነቱን ወደ አንድ ጎን፣ ስልኩን ወደ ሌላ ጎን። ሥራው በ2005 ተጀመረ፣ በሦስት ዓመት ያልቃል ተብሎ። የተዘጋው በ2021 ነው። ያን ያወከው የኔክስቴል ኔትወርክ ራሱ በ2013 ጠፍቶ፣ ድልድሉ ገና አላለቀም ነበር። የእኛን የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሲያነብ የሚጽናና ይመስለኛል።

አቴንዌተሩ በሽታውን ነገረኝ እንጂ አላዳነውም። የሚፈለገውንም ስለሚያዳክም ሩቅ ያሉትን ድምፆች ያጠፋል። ትክክለኛው መድኃኒት ማጣሪያ ነው፤ የእሳት አደጋውን ባንድ አሳልፎ ከ869 በላይ ያለውን የሚያስቀር፣ አንቴናውና ስካነሩ መሐል የሚገባ አውራ ጣት የሚያህል ብረት። በፖስታ አዘዝን፣ በሳምንቱ መጣ። አቴንዌተሩን አጥፍቼ ማጣሪያውን ገጠምኩት፤ ንባቡ 80 ደረሰ።

80 ጥሩ ይመስላል። በዚያ ሳምንት ሌሊት ግን አብሬያት አመሸሁና ድምፁ አሁንም እየተቆረጠ ሰማሁት። አክስቴ ዓይኗን ስካነሩ ላይ ተክላ፣ "እየው፣ እየው፣ ሊለው ሲል ተወው" ትላለች። ከአሥር ቃል ሁለት መጉደሉ ለሒሳብ ትንሽ ነው፤ የጎደለችው ቃል ግን "ውጡ" ልትሆን ትችላለች። እናት ጎዶሎውን የምትሞላበት መንገድ ደግሞ ይታወቃል።

ሁለተኛው በሽታ የታየኝ ስካነሩን በእጄ ይዤ ሳነቃንቀው ነው። እዚህ ሲሆን 90፣ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ሲሄድ 60፤ መስመሩ ግን ንቅንቅ አይልም። በ850 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ግማሹ አንድ ስንዝር መሆኑ ነው። በአንድ ስንዝር እንዲህ የሚለዋወጥ ነገር ካለ፣ ተመሳሳይ ሲግናል ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ እየደረሰህ ነው።

ሲስተሙ ሲሙልካስት ነው። ካውንቲውን የሚሸፍኑት ብዙ ማማዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ በአንድ ቅጽበት፣ አንድ ዓይነት ነገር ይልካሉ፤ ሰዓታቸውን በጂፒኤስ አስተካክለው። ለፍሪኩዌንሲ ቁጠባና ለሽፋን ግሩም ነው። ግን መስቀል አደባባይ በዓል ቀን ሁለት የተራራቁ ድምፅ ማጉያዎች መሐል ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ያው አንድ ንግግር ነው፣ የአንዱ ከሌላው ትንሽ ዘግይቶ ይደርስና ቃሉ ይደበላለቃል። ማጉያዎቹ በተናጠል ጥርት ያሉ ናቸው። ፒ-25 የሚባለው የዲጂታል ስታንዳርድ፣ አክስቴ ካውንቲም የሚጠቀምበት፣ በኮንትሮል ቻናሉ በሴኮንድ 4800 ሲምቦል ይልካል፤ ለአንድ ሲምቦል 208 ማይክሮሴኮንድ ገደማ ይደርሰዋል። ሬዲዮ ሞገድ በአንድ ማይክሮሴኮንድ 300 ሜትር ይሄዳል። አንዱ ማማ በ5 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው በ20 ቢሆን፣ የ15 ኪሎ ሜትሩ ልዩነት 50 ማይክሮሴኮንድ ነው። የሲምቦሉ ሩብ ያህል። ሁለቱ በእኩል ጉልበት ከደረሱ አንዱ ሲምቦል ሌላው ላይ ይደረባል።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሬዲዮዎች ይህን እንዲቋቋሙ ታስበው የተሠሩ ናቸው። የድሮ ስካነሮች ግን ውስጣቸው ተራ የኤፍኤም መቀበያ ነው፣ ዲጂታሉ ከላይ የተጨመረ። ዩኒደን ኤስዲኤስ100 የሚባለውን ይህን ችግር ታሳቢ ያደረገ ስካነር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ የአክስቴ ዕቃ ከዚያ ይቀድማል። አዲሱን ግዢ እንዳልላት ብዙ መቶ ዶላር ነው፣ እሷ ደግሞ ብዙ መቶ ዶላር ካገኘች አዲስ አበባ ነው የምትልከው። ለእኛ ጭምር።

ስለዚህ መላው አንዱን ማማ መርጦ ሌሎቹን መከለል ነው። ማጣሪያ እዚህ አይረዳም፤ ፍሪኩዌንሲያቸው አንድ ነው። የሚለያቸው አቅጣጫ ብቻ ነው። የማማዎቹ ቦታ በኮሚሽኑ የፈቃድ መዝገብ ላይ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ ቅርቡን በካርታ አገኘሁት፤ በስተ ሰሜን ምዕራብ ነው። ለዚህ ያጊ አንቴና መግዛት ይቻላል፣ የሚያምረውም እሱ ነው። እኔ ግን በአንቴና ኮርስ የተማርነውን ኮርነር ሪፍሌክተር ትዝ ብሎኝ፣ እንጀራ የመጣበትን ትልቅ ካርቶን ቀድጄ፣ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ በ90 ዲግሪ አቁሜ፣ ውስጡን በወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል አለበስኩት። አንቴናውን ከማዕዘኑ 17 ሴንቲ ሜትር አርቄ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት፤ ግማሽ የሞገድ ርዝመት ማለት ነው። አፉን ወደ ሰሜን ምዕራብ አዞርኩ። 94። ትንሽ ወደ ቀኝ፤ 97። በማግስቱም፣ በሌሊትም፣ ያው። ፊት ለፊት ያለው የሞባይል ጣራ ደግሞ ከካርቶኑ ጀርባ ሆነ፣ ይህ ትርፍ ነው።

ካርቶኑ ለዓይን አስቀያሚ ነው። አክስቴ በሹራብ ዳንቴል ሸፈነችው፤ ክር ሞገድ ስለማይከለክል ዝም አልኩ።

የሚቀጥለው የልጇ ተራ ሌሊት ላይ ሁለት ጥሪ ወጣ። አንደኛው ደረቱን ያመመው ሽማግሌ፣ ሁለተኛው የመኪና ግጭት። ድምፁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተቆረጠም። ከዚያ በፊት ግን አክስቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ ዝምታውን አስተማርኳት ማለት እችላለሁ። የመቶኛውን ገጽ ከፈትኩላት፤ "እቴቴ፣ ዝም ሲል መጀመሪያ ይቺን እያት። ከ90 በላይ ከሆነች ስካነሩ እየሰማ ነው፣ የሚናገር ሰው ነው የሌለው። ዝቅ ካለች ግን ዝምታው የስካነሩ ነው፣ ስለ ልጅሽ ምንም አይነግርሽም።" ደጋግማ አስባኝ፣ "አሁን ዝም ያለው እነሱ ናቸው ወይስ ይሄ?" እያለች ሌሊቱን ሙሉ ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልጅቷ መኪናው ወደ ጣቢያው እየተመለሰ መሆኑን በዚያ ደረቅ የሬዲዮ ድምፅ ስትናገር ሰማናት። አክስቴ እጇን ዘርግታ ስካነሩን አጠፋችው። ስታጠፋው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ተኛች።

ለልጅቷ ጠዋት ነገርኳት። "ምን ሰዓት?" አለች። ዘጠኝ ሰዓት አልኳት። "ከዚያ በኋላ እኮ ሌላ ጥሪ ነበረን" አለችኝ፣ "ለእማዬ አትንገራት።" አልነገርኩም። ስለ ስካነሩ ያላት አስተያየት የተለወጠ አልመሰለኝም፤ ካርቶኑን ግን ፎቶ አንስታ ጣቢያው ለሚሠሩ ጓደኞቿ አሳየቻቸው።

ከተመለስኩ በኋላ አክስቴ ስትደውል ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ የምትነግረኝ ቁጥሩን ነው። "ዛሬ 96 ነው" ትላለች፣ የአየር ሁኔታ እንደሚነግር ሰው። ኅዳር ላይ አንድ ቀን "71 ሆነብኝ" ብላ ደወለች። የአንቴናውን ማያያዣ ጠበቅ አድርጊው አልኳት፤ አጠበቀች፣ ያው ነው። ፎይሉ ተቀዶ እንደሆነ እዪ አልኳት፤ አልተቀደደም። ካርቶኑን ማን ነካው ብዬ ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለች። ጋሼ መጥተው "ወደ መስኮቱ ቢዞር ይሻላል" ብለው አዙረውት ኖሯል። ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ሰሜን ምዕራብ መለሰችው። ቀስ እያለች ቁጥሩን ታነብልኝ ጀመር፤ 80፣ 88፣ 93።